ይደገም

ኮሜዲያኑ ለሠላሳ ዓመት በቴአትር ቤቱ መድረክ ላይ አለቃ ሆኖ ጨፍሯል። ሱሪውን እስከ እምብርቱ ይስባል፣ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ይጠርጋል፣ ከዚያ ጣቱን ቀስሮ በእስክስታ ሠራተኛ ይገሥጻል። ስምንት ሥራ አስኪያጆች አይተውታል። እያንዳንዳቸው የሚቀለደው ከእነሱ በፊት በነበረው ላይ ስለመሰላቸው እንባቸው እስኪፈስ ስቀዋል።

ዘጠነኛው ግን ቢሮው አስጠራው።

«ጋሼ፣ ይቺ የአለቃ ጭፈራ ከዛሬ ጀምሮ ቀርታለች።»

«ታዲያ ምን ልጨፍር?»

«ዓሣ አጥማጅ።»

«የኔ ጌታ፣ ዓሣ አጥማጅ ምኑ ያስቃል?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እምቢ ካሉ ግን መድረክ የለም፤ መጋረጃ ከፋች አድርጌ እመድብዎታለሁ።»

እሑድ ከሰዓት ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ወጣ። መረብ ጣለ፣ ሳበ፤ ያዛጋ እንጂ የሳቀ አልነበረም። ከሰገነቱ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ዓሣውን ለጾም አቆይልንና አለቃውን አምጣልን!» ብላ ጮኸች።

ኮሜዲያኑ መጋረጃውን አየት አደረገ። ከዚያ ሱሪውን ወደ እምብርቱ ሳበ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃው ጀርባ ዘሎ ወጣ። ሱሪውን እስከ እምብርቱ ሳበ፣ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠረገ፣ ጣቱን ቀሰረ።

«ቀርታለች ብያለሁ!»

ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። «ይደገም! ይደገም!»

ሥራ አስኪያጁ ጣቱን እንደቀሰረ ሕዝቡን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ኮሜዲያኑ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ መጋረጃውን ይዝጉና እንደገና ይክፈቱልኝ።»