ከኮቱ ገበር የወጣችው ሰንጢ

ሀቢቡላህ በገበያ ቀን ጠዋት ወደ ሰቃ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጎረቤቶቹ ምን እንደሸመተ ጠየቁት።

"እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" አላቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ ሳቢሃ ከአጋሮ መጣች። እናቷ ካረፈች ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ታድራለች። በቀሩት ቀናት መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው ቤት ውስጥ አባቷ ብቻውን ነው። ሬዲዮው ጠዋት ይከፈታል፤ የሚያዳምጠው የለም።

ሻይ ስትሰጠው አውራ ጣቱ ላይ ትኩስ የቃጠሎ ቁስል አየች።

"አባ፣ ጣትዎን ምን ነካው?"

"ምድጃ።"

"እርስዎ ደግሞ መቼ ነው ማጀት የገቡት?"

"እናትሽ ከሞተች ወዲህ ያልገባሁበት የት አለ?"

እሱ ተነስቶ ከበሩ ኋላ ለዓመታት ተሰቅሎ የቆየውን ቡናማ ኮት አወረደ።

"ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ይሄን ልልበሰው። ገበሩ ውስጥ ግን የሚቆረቁር ነገር አለ፣ እስቲ እይልኝ።"

የገበሩ ጠርዝ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ሳቢሃ ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና እጇን አስገባች። ያወጣችው የታጠፈ ሰንጢ ነበር። እጀታው ቀንድ ነው፤ በጋለ ብረት የተተኮሱ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ስለቱ ላይ ዝገት ጣል ጣል ብሎበታል።

"ያ ረቢ!" አለች። "የአያቴ ሰንጢ!"

ይህችን ሰንጢ ሄርማታ ገበያ ውስጥ የማያውቃት ነጋዴ አልነበረም። ሀቢቡላህና አብዱልሃዲ ሠላሳ ዓመት አብረው ቡና ገዝተዋል። ገበሬ ጆንያ ይዞ ሲመጣ ሀቢቡላህ ሰንጢዋን ከመጋዘናቸው ሚዛን አጠገብ ያነሳል፤ አንድ ደረቅ ፍሬ ለሁለት ይሰነጥቅና ግማሹን ለአብዱልሃዲ ይሰጣል። ሁለቱም መድረቁን ያያሉ። ሁለቱም ራሳቸውን ካልነቀነቁ ቡናው አይገዛም።

ከስምንት ዓመት በፊት ሰንጢዋ ከሚዛኑ አጠገብ ጠፋች። በቦታው የነበረው አብዱልሃዲ ብቻ ነው። ሀቢቡላህ በጁምዓ ቀን፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ ሌባ አለው። አብዱልሃዲ በአላህ ስም ማለ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሀቢቡላህ ንግዱንም ተወው፤ ሰው ብቻውን ቡና ሰንጥቆ ለማን ያሳያል? አምና ሚስቱ ስትቀበር አብዱልሃዲ መጨረሻው ሰልፍ ላይ ቆሞ ሰገደ፤ ሰላም ሳይል ሄደ።

"እንግዲህ በድዬዋለሁ ማለት ነው" አለ ሀቢቡላህ።

ሳቢሃ አባቷ ያዝናል ብላ ጠብቃ ነበር። ፊቱ ላይ ያየችው እፎይታ ነው።

"ቤቱ ሄደው ቀስ ብለው ይንገሩት፣ ማሎ፣ እባክዎ። ሰው ሳይሰማ።"

"በአደባባይ ሰድቤው በጓዳ ልታረቀው?"

ሳቢሃ ወደ አጋሮ ተመለሰች። እሱ ሰንጢዋን በአመድ ፈገፈጋት፣ ማጠፊያዋ ላይ ዘይት ጠብ አደረገ፣ በድንጋይ ሳላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኪሱ አልተለየችም። ሻይ ቤት ብርቱካን ላጠባት። የጎረቤት ጆንያ ሲራገፍ ሲባጎውን በጠሰባት። ያየ ሁሉ ይጠይቃል፤ ለጠየቀው ሁሉ ይነግራል።

"ኮትህ ውስጥ?" አለ ጀማለዲን፣ ሻይ ቤት የማይጠፋው ጡረተኛ ሾፌር። "ሌባውን እቤትህ ሰቅለህ ነው እንዴ ሰው ስትወነጅል የኖርከው?"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሀቢቡላህም አብሯቸው ሳቀ። ቤቱ ሲደርስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ ከስምንት ዓመት በፊት የቆመበት ቦታ ቆመ።

"አብዱልሃዲ! ሰንጢዋ ተገኘች። ኮቴ ውስጥ ነበረች። በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ፤ ያው በሰው ፊት ነው የመጣሁት። አውፍ በለኝ።"

ሰው ከበባቸው። አብዱልሃዲ ሰንጢዋን ተቀበለ። ከፈታት፤ መልሶ አጠፋት። ሁለቱን ነጥቦች በጣቱ ዳበሰ።

"ኧረ በል እንጂ፣ ሽማግሌውን ፀሐይ ላይ አታቁመው!" አለ ጀማለዲን።

"አንተም አውፍ በለኝ" አለ አብዱልሃዲ።

ሰው ሲታረቅ እንዲህ ነው የሚባለው፤ የበደለም የተበደለም እኩል አውፍ ይላል። የተሰበሰበው ሰው አልሐምዱሊላህ ብሎ ተበተነ።

ሁለቱ ድሮ አብረው ይሠሩበት ወደነበረው የአብዱልሃዲ መጋዘን ሄዱ። በሩ ላይ አዲስ የገባ የቡና ጆንያ ነበር። ሀቢቡላህ ሰንጢዋን መልሶ ተቀብሎ አንድ ፍሬ ሰነጠቀ፤ ግማሹን ሰጠው።

"እርጥበት አለው" አለ አብዱልሃዲ።

"ዓይንህ ደክሟል። ደርቋል።"

"ያንተ ግማሽ ደርቆ ይሆናል።"

ከስምንት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሀቢቡላህ ከልቡ ሳቀ። እስከ አስር ሶላት ድረስ አወሩ። ሲነሳ ሰንጢዋን ሚዛኑ አጠገብ፣ ድሮ በምትቀመጥበት ቦታ አኖራት።

"እዚሁ ትሁን። ለሥራ ናት።"

"ነገ ትመጣለህ?" አለ አብዱልሃዲ።

"ሌላ የት እሄዳለሁ?"

አብዱልሃዲ ጓደኛው ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆሞ አየው፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገና ከሚዛኑ ሥር ካለው ሣጥን አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥቶ ፈታ፤ በውስጡ ለስምንት ዓመት ተደብቃ የኖረችውን፣ እጀታዋ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ያሏትን የቀንድ ሰንጢ ከአዲሷ ጎን አስቀመጣት።