ጠባሳውን እንዳትረሳ

"ጠባሳውን እንዳትረሳ" አለችው ሴትዮዋ። "ቀኝ ቅንድቡ ላይ ነው።"

ሠዓሊው ቴሌሶን ብሩሹን ነክሮ፣ በነጩ የዘይት ገንቦ ላይ፣ መቃብር ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ለተሣለው ሰው ጠባሳውን ጨመረለት። አቴና ውስጥ ነጭ ገንቦ የሚሠራው ለሟች ብቻ ነው፤ ብዙ ዘይት እንዳይፈጅ እንኳ ውስጡ ጠባብ ኩባያ ይደረግበታል።

"ባለቤትዎ መቼ ነው ያረፉት፣ እመቤት?"

"ገና ነው።"

"ታመው ነው?"

"ውጭ አህያዋን እያሰረ ነው።"

ቴሌሶን ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ወዲያው አንድ ደልዳላ ሰውዬ እያፏጨ ገባ። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ።

"ምነው፣ ማን ሞተ?"

"የአክስቴ ባል" አለች ሚስቱ፣ ከቅርጫቷ የማር ቂጣ አውጥታ እያስጨበጠችው። "ብላ እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም።"

ቴሌሶን ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ዓይኗን ተከለችበት። የቻለው ገንቦውን ወደ ሰውዬው አዙሮ ጠባሳውን በጣቱ ማሳየት ብቻ ነበር። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደጋግሞም አየ፤ የገዛ ቅንድቡን አከከ።

"እጅህን ይባርክ" አለው በመጨረሻ። "ሟቹ ቁርጥ ታላቅ ወንድሜን ይመስላል።"

ከዚያ ቂጣውን ገመጠ።