ቢጫው አንጓ

በዚያ ዘመን የደም ምርመራ ውጤት የእጅ አንጓ ላይ ያበራል፤ ንጹሑ አረንጓዴ፣ ሕመምተኛው ቀይ። ደምሰው ግን በመሳሳምና በግንኙነት የሚተላለፈውን ሄርፒስ ተመርምሮ አንጓው ቢጫ ሆነ፤ ውጤቱ አልለየለትም። ሚስቱ አስካለ ምሳውን በሌላ ሰሃን አቀረበችለት። ዘመዶቿ ሲንቁት ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ እሷ!

«ከየትኛዋ አመጣኸው?» አለችው፣ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ።

«ከንፈርሽ ላይ ያለውስ?»

«ምች ነዋ! ከልጅነቴ የሚነሳብኝ።»

«ሐኪሟ ምች የምትሉት ራሱ ሄርፒስ ነው አለችኝ። ዳማከሴ እያሸሁ ስቀባሽ የኖርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

አስካለ እጅጌዋን ስትሰበስብ ከሥሩ የደበቀችው የራሷ ምርመራ ቢጫ ብርሃን ቀስ ብሎ ፈሰሰ። የእሱን ምሳ ወደ ራሷ ሰሃን ገለበጠችው። ሁለቱ ብርሃኖች እንጀራው ላይ ተቀላቅለው ተንሳፈፉ። ይቅርታ አላለችም። የጠቀለለችውን ጉርሻ ግን ወደ አፉ ዘረጋች፤ እሱም ቂሙን ሳይተው ጎረሰ።