የክፈፍ ሠሪው ኑዛዜ

የፎቶ ክፈፍ ሠሪው ሽማግሌ እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሣ፣ የሙሽሮችን ፎቶ ሙሽሮቹ ሳይፋቱ ያደርሳሉ ይባልላቸው ነበር። ይህ በዚያ ሰፈር ቀላል ፍጥነት አይደለም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ዋጋ ያለው ወረቀት ሁሉ ከፎቶ ጀርባ፣ በካርቶኑና በፎቶው መካከል ይገባል። የቤቱን ካርታ ያስቀመጡት ከአማታቸው ፎቶ ጀርባ ነው። «ሌባ ቢገባ ሁሉን ይወስዳል፤ እሷን ግን አይነካትም» ይሉ ነበር።

ኑዛዜ እንደ ጻፉም ለሦስቱ ልጆቻቸው ነግረዋቸዋል። የት እንዳስቀመጡት ግን አልተናገሩም። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ መዶሻቸውን እንደ ያዙ፣ መሥሪያቸው ደጃፍ ላይ ወደቁ።

ታላቅየው ልጅ፣ የመኪና ደላላው፣ ወሬው ሳይደርሰው ደረሰ። መምህሩ ወንድሙ ተከተለ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አልቀረም። የቤተሰቡም የደንበኛውም ክፈፍ ተፈልቅቆ፣ ሊያጽናና የመጣ ጎረቤት መቀመጫ አጣ፤ ወንበሩን ሁሉ የማያውቃቸው ሙሽሮች ይዘውታል።

ካርታው ተገኘ። ኑዛዜው የለም።

«ለበኩሬ ብሎ ጽፎታል፤ አባባ ራሱ ነግሮኛል» አለ ደላላው። «አንድ ሰው ደብቆታል።»

አንድ ሰው ያለው ትንሿን ነው። ትንሿ እህታቸው የአባቷን ሙያ የተማረች፣ አልጋዋም መጋዟም እዚያው ቤት ውስጥ የሆነ ሴት ናት። ኑዛዜ ከሌለ ቤቱ ተሸጦ ለሦስት ይካፈላል። ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ እሷ መዶሻዋን ይዛ መንገድ ላይ መቆሟ ነው።

ታዲያ ለምን አብራቸው አትፈልግም? እነሱ ወለል ሲነቅሉ እሷ ሳፋና ፎጣ ይዛ ወደ ኋለኛው ክፍል ትገባለች። በሩን ትዘጋለች። ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። ወረቀት በሳፋ አይደበቅም ያለው ማነው?

«ያንን ክፍል አላየነውም» አለ ደላላው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የእሱ ዝቅ ያለ ድምፅ ሦስት ሰፈር ይሰማል።

«ተው እንጂ ወንድምጋሼ» አለ መምህሩ። «እዚያስ ደስ አይልም።»

«እኔንም መግባቱ ይከብደኛል። ግን...»

«እዚያ ምንም የለም» አለች ትንሿ። በሩን ተደግፋ ቆማለች። «እባካችሁ፣ እዚያ አትግቡ።»

መምህሩ ነገር ሲከርር ትምህርት መስጠት ይወዳል። «ይሄ ሁሉ የመጣው የኑዛዜ መዝገብ ስለሌለን ነው። ለመኪና መዝገብ አለን፤ ለውሻ እንኳ አለን። አንድ ቢሮ ሄደህ ‹የአባቴ ኑዛዜ የታለ?› ብትል ‹ይኸው› ይሉህ ነበር። ክፈፍ ስንፈለቅቅ አንውልም።»

«ቢሮ? የውሃ ቆጣሪ ለማዛወር ጢሜ የሸበተበት ቢሮ? ደግሞስ ጸሐፊው ያነበዋል። ጸሐፊው ሚስት አለችው፤ ሚስቱ ጎረቤት አላት። አባባ ማንን አብልጦ እንደሚወድ አገር ያውቀው ነበር።»

«ማንም አያነበውም! ሰውየው እስኪሞት ድረስ በሕግ ይታሸጋል።»

በዚህ ጊዜ ደላላው ሳለ። ትንሿ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው፣ ሁለቱም የተነቀለውን ወለል አዩ።

ከሰዓት በኋላ ደላላው ያመጣው ገዢ መጣ። የቀበቶውን ቀዳዳ ሁሉ የጨረሰ ሆዱ ቀድሞ ገባ፣ እሱ ቆይቶ ተከተለው። ግድግዳውን በሜትር ለካ፣ የኋለኛውን ክፍል በር በጣቱ አንኳኳና «ይሄኛው መጋዘን ይሆነኛል» አለ። ከውስጥ ሬዲዮኑ ስለ አየር ጠባይ ያወራል።

«ቀብዱ መቼ ነው?» አለ ደላላው።

«ቀስ በል ወዳጄ። ነገ ኑዛዜ የያዘ ሰው ተነሥቶ ‹ቤቱ የእኔ ነው› ቢለኝስ? መዝገብ ቢኖር አይቼ እገባበት ነበር። አሁን ወይ ወረቀቱን አምጡ፣ ወይ አለመኖሩን አረጋግጡልኝ።»

«የሌለ ነገር እንዴት ይረጋገጣል?» አለ መምህሩ።

«ያልተፈተሸ ቦታ ሲጠፋ።»

ገዢው ሄደ። ደላላው ወደ ኋለኛው ክፍል በር ዞሮ «ነገ ጠዋት» አለ።

ትንሿ እጁን ያዘችው። «ወንድምጋሼ፣ በእናታችን ይሁንብህ። ቤቱን ሽጡት። እኔም እወጣለሁ። ያንን ብቻ ተዉልኝ።»

«አየኸው?» አለ ደላላው ወደ መምህሩ ዞሮ። «የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው እንዲህ ይለምናል?»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ መነጽር ነበር።

እሷ ሮጣ የምትከስበት ቢሮ የለም፣ የምታሳየው ወረቀት የላትም። ሁለት ወንድሞቿን ገፍታ የምታስወጣበት ጉልበትም ከየት ይምጣ። በሩን ለቀቀች።

ወንድሞቿ ሲሄዱ ሳፋውን ለብ ባለ ውሃ ሞላች፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ገባችና በሩን ዘጋች።

«አባባ» አለች፣ አፋቸውን በፎጣው ጫፍ እየጠረገች፤ «ነገ ጠዋት ፍራሽህን ሊፈትሹት ነው፤ እኔ ነኝ አቅፌ የማነሣህ፣ አይዞህ፤ ከሰማኸኝ ዓይንህን ጨፈን አድርግልኝ።»