የሙስሊማ ጠያቂ

እንግዲህ ሙስሊማ የምትባል አንዲት ወሎዬ ነበረች፤ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ትሸጣለች። ባሏን ተከትላ መጣች፣ ባሏን እዚሁ ቀበረች። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። ሰው ኮት ሲለካ፣ ዋጋ ሲከራከር ያናግራታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ዞር ብሎ ያያታል! ሓድነት ሰፈር የተከራየቻት ክፍል ገብታ በሯን ስትዘጋ፣ ድምፅ ለመስማት ብላ ትስል ነበር አሉ፤ ጉንፋን ሳይኖርባት።

በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፣ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ልጅ መጥታ ከጨርቁ ክምር ፊት ቆመች። ስሟ ኤልሻዳይ ነው።

«እማማ፣ የቤት ሥራ ነበር» አለች። «የሥነ ዜጋ መምህራችን፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ እዚህ የሚኖር ሰው ጠይቁ ብሎ።»

ሙስሊማን መጀመሪያ የደነቃት አማርኛዋ ነው፤ ጥርት ያለ! ዘንድሮስ ትምህርት ቤቱ ደህና ያስተምራል ብላ፣ ከተቀመጠችበት ጆንያ ጠጋ አለችላት።

«የመጡ ጊዜ መጀመሪያ ማን አናገረዎት?»

«ማን ያናግረኛል ልጄ? ግድግዳው ነዋ!»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ምሳስ ከማን ጋር ይበሉ ነበር?»

ኧረ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው! ሙስሊማን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮም አያውቅ። ነገረቻት። ልጅቷ በማግስቱም መጣች፣ በሳልስቱም። ኋላማ ደብተር መያዙንም ተወችው፤ ትምህርት ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነውና ምሳ ሰዓት ሲሆን ከተፍ ነው።

ለተመድህን የምትባል የገበያ ጎረቤት አለቻት፤ ፕላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ብቻ ነገር ይሸታታል።

«ሙስሊማ ሓፍተይ፣ አንቺ ደግሞ! የማትጽፍ ተማሪ የት አየሽ?»

«ልጅ እኮ ናት።»

«ልጅማ ናት። ቀበሌዎቹ ማን ከየት እንደመጣ ለቅመው ሲጨርሱ ቦታሽን ለራሳቸው ሰው ይሰጡታል። አማርኛ የሚቀናትን መርጠው የላኩልሽ እንድትለፈልፊ ነው እንጂ ሌላ ለምን መሰለሽ?»

ከዚያ በኋላ ሙስሊማ እንቅልፍ አጣች። ያቺ የገበያ ቦታዋ ከተወሰደች ምን ይቀራታል? ደግሞ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። የክርስቲያን ልጅ ናት ብላ ሥጋ ያልነካው ሽሮ ለሁለት ቋጥራ መምጣት ጀምራለች እኮ!

አንድ ቀን ስለ አገሯ ስለ ኮምቦልቻ ስታወራ፣ «ከወንዙ ማዶ ሸንኮራ ነበር» አለች።

«ከቦርከና ማዶ?» አለች ኤልሻዳይ።

ሙስሊማ ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «በጂኦግራፊ ተምረነው።» ጉርሻ እየጠቀለለች ደግሞ፣ «እማማ፣ ሆድ መባሱ መቼ ነው የሚለቀው?»

«ይሄንንም መምህርሽ ነው ጠይቂ ያለሽ?»

ልጅቷ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

በቃ! ሙስሊማ በማግስቱ ማለዳ ዕቃዋን ለለተመድህን አደራ ሰጥታ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የሥነ ዜጋ መምህሩን፣ ኣረፋይነ የሚሉትን፣ ክፍል በር ላይ አገኘችው። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛለች።

«ቦታዬን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ኑ» አለችው። «ኤልሻዳይን አትላኩብኝ። ልጅ ልካችሁ ሆዴን አታስከፍቱኝ። ከለመድኳት በኋላ ደግሞ!»

መምህሩ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።

«ምሳ ሰዓት የምትጠፋው እርስዎ ጋ ነው እንዴ?» አለ። «ኣደይ፣ ኤልሻዳይ እኮ ከኮምቦልቻ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ያንን የቤት ሥራ የሰጠሁት ልጆቹ እሷን እንዲጠይቋት ብዬ ነበር።»