የግድግዳው ድምፅ

ልጅ ሳለች አባቷ ለጎረቤታቸው «ቤት ስትገዛ ዓይንህን ብቻ አትመን፤ ስማው» ሲል ሰምታ ነበር፤ ጎረቤቱ የመለሰውን ግን ረስታዋለች። ዛሬ ባሏ የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን የሚያፈሱበትን፣ ሊያከራዩት ያሰቡትን ቤት የግዢ ውል ለመፈረም እስክሪብቶ ሲያነሳ፣ «ሬዲዮው ይዘጋልኝ፤ ቧንቧዎቹም ሁሉ» አለች።

«ቤት ያለ ዘፈን ምኑን ቤት ሆነ፣ እትዬ?» አለ ሻጩ እየሳቀ፤ ዘጋላት ግን።

«አቤት ጥርጣሬሽ» አለ ባሏ።

የመብራት ቆጣሪው በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ፣ ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲወርድ ሰማች። በልቧ «አምላኬ፣ ተሳስቼ በሆነ» እያለች የባሏን መዳፍ ስባ ከቆጣሪው ሥር አሳረፈችው። ቀለሙ በውሃ ረጥቧል። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

«መብራት ያለበት ግድግዳ ነው፤ ተከፍቶ ይታይ። የሰው ልጅ እኮ ነው የምናስገባበት» አለችው ቀስ ብላ።

ባሏም ሻጩን ቀና ብሎ ሳያይ፣ ግድግዳው ተከፍቶ እስኪታይ ላለመፈረም ተስማማ።