እግሩ የተቆረጠው ቺፕ

«ቆራጩ» ነው የበደላት!

ስሙን ያወጣችለትም ራሷ ናት... ሰውየው የሰፈሩ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው።

እሷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። በኤሌክትሪክ የስፌት ማሽኗ ራሷን ችላ የምትኖር፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሰላ አሮጊት።

አንድ ቀን ማሽኗ ቀጥ አለች...

ካልተነሳች የሚጠብቃት ምራቷ ቤት ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው። «የምራት ምሳ ከመጠበቅ ጦም ማደር!» ትላለች።

ወስዳ ለጠጋኙ ሰጠችው። ሰው አታምንማ፣ ከፊቱ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

የማሽኗን ሆድ ከፈተ። ቦርዱ ላይ ያለውን፣ ማሽኗን የሚያዘውን ባለብዙ እግር ጥቁር ቺፕ አየት አደረገና መቁረጫ አነሳ...

ቀጭ! ቀጭ! እግሮቹን ሁሉ ቆረጣቸው።

«ኧረ ምን ሆነሃል! ላሠራ መጣሁ እንጂ ላሳርድ መጣሁ?»

«እማማ፣ ይታገሱኝ፣ ቺፑ እኮ...»

«ምን እማማ ትለኛለህ! ሥጋ ቤት ብትቀጠር ይሻልህ ነበር!»

እግር አልባውን ቺፕ አፈፍ አድርጋ ወጣች። በየደጁ እየዞረች «እዩልኝ የቆራጩን ሥራ!»

ወሬ መቼ ይቀመጣል... ሬዲዮ የሚያሠራው፣ ማራገቢያ የሚያሠራው ሁሉ ሱቁን እያለፈ መሄድ ጀመረ።

ከቀናት በኋላ ጠጋኙ ማሽኗን አሸክሞ ላከላት። ሰካቻት... ረገጠቻት... እንደ ድሮዋ ተንደቀደቀች!

ደስ አላት። ይቅርታ መጠየቅ ግን ሞቷ ነው። «ቢጨንቀው ሠራት» ብላ አለፈችው።

የማሽኗ ክዳን ሱቁ ቀርቶ ስለነበር ልታመጣ ሄደች...

እዚያ፣ የሱቁ መስታወት ሳጥን ውስጥ ሁሌ የምትቀመጥ፣ የሷኑ የምትመስል ማሽን ነበረች። አንዴ «ሽጥልኝ» ብትለው «የእናቴ ናት፣ አትሸጥም» ብሎ መልሷታል።

ዛሬ ያቺ ማሽን ሆዷ ተከፍቷል። ቦርዷ ላይ የቺፑ ቦታ ባዶ ነው... ቀዳዳዎቹ ብቻ።

«ይቺንስ ማን አረዳት?»

«እኔ ነኝ እማማ። ለእርስዎ የሚሆን ቺፕ ገበያ ላይ ጠፋ... ከእናቴ ማሽን አወጣሁት።»

«እግሩን ሳትቆርጥ?»

ሳቅ አለ። «የእርስዎ እኮ ሞቶ ነበር። እንዳለ ብነቅለው ቦርዱን ይዞት ይነሳል። እግሩን ቆርጬ አንድ በአንድ የለቀምኩት ቦርዱን ላድን ነው። የእናቴ ግን ደህና ስለነበረ፣ የእያንዳንዱን እግር ብየዳ እያቀለጥኩ፣ እየመጠጥኩ... በልመና ነው የወጣልኝ።»

«ታዲያ የእናትህን...?»

«በዚያች ማሽን እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ። ማሽኗ አቧራ ከምትጠጣ፣ ቺፑን እርስዎ ይሥሩበት አልኩ።»

ያቺ ምላሰኛ ክዳኗን እንደገና ረስታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ጉድ አየ!

ማሽኗን አሸክማ ሱቁ በር ላይ ተከለቻት። ገመዱን ከሱ ሶኬት ላይ ሰካችና መስፋት ጀመረች። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ...

«ና አንተ! ነይ አንቺ! እግር ቆርጦ ነፍስ የሚዘራ እዚህ አለላችሁ! ስም ያወጣሁለት እኔ፣ የምሽረውም እኔ!»

ጠጋኙ አፍሮ ወጣ። «እማማ፣ ኧረ ይበቃል...»

«ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ፣ ልጄ!»

ወዳጆቼ... መቁረጫ ያነሳ ሁሉ አራጅ አይደለም። ስም ያጠፋ አፍም፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ሰፈር ቆሞ ያመስግን!

እናንተስ... ሊያድናችሁ በቆረጠ ሰው ላይ ጮኻችሁ ታውቃላችሁ? ማን ነበር? እስቲ ዛሬ እዚህ አመስግኑት።